ሻሽን ወንድ ያላት ማን ነበር?

«ይቺ ናት እኮ፣ ዶሮዋን ወንድ ናት ብላ ያሳረደችኝ» አሉ አክስቷ፣ በአገጫቸው ወደ ልጅቷ እየጠቆሙ። «ሆዷ ሲከፈት እንቁላል በእንቁላል። ተይ፣ ሴት ትመስለኛለች ብላት ሞቼ እገኛለሁ አለች።»

በሩ ላይ የቆመችው ምግብ አብሳይ ከት ብላ ሳቀች። ልጅቷ አልሳቀችም። ወንፊት ይዛ የዶሮ መኖ እየነፋች ነበርና ይበልጥ አጥብቃ ነፋች፤ ብናኙ ፊቷ ላይ ቦነነ። ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እንደሰማችው እሷም አታውቀውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ጨዋታ በጠፋ ቁጥር አክስቷ እንደ መሐረብ ከኪሳቸው መዘዝ ያደርጉታል። በየጊዜው ታጥቦ፣ በየጊዜው ተተኩሶ።

እውነቱ ግን እንዲህ ነበር። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ከጫጩትነቷ ጀምሮ በእጇ ያሳደገቻት፣ አናቷ ላይ ነጭ ላባ የተጠመጠመባት ዶሮ ነበረቻት፤ ስሟም በዚያው ሻሽ ተባለ። ሻሽ እግረ ወፍራም ነበረች፤ ራሷ ላይ የቆመው ኩክኒም ከእኩዮቿ ቀድሞ ቀላ። አንድ ቀን ጠዋት አክስቷ በእግሯ አንጠልጥለው አዩዋትና «ይሄስ ወንድ ነው፤ ዛሬ ደግሞ እንግዳ አለብኝ» አሉ። ልጅቷ ሴት ናት አለች። አክስቷ አንቺ ከእኔ ልታውቂ ነው ብለው ወደ ጓሮ ይዘዋት ሄዱ። ሻሽ ስትከፈት ትልቅና ትንሽ ቢጫ አስኳል እንደ ዶቃ ተደርድሮ ተገኘ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ቅርፊት ያበጀ አንድ እንቁላል። አክስቷ አዩት። ከዚያ «እንግዲህ የሆነው ሆነ» አሉና እንቁላሉን ቀቅለው፣ ልጠው፣ በትንሽ ሰሃን ልጅቷ ፊት አስቀመጡት። እንደ ውለታ።

አልበላችም። ሰሃኑ ፊት ቁጭ ብላ ዋለች፤ አልበላችም፣ አልተናገረችም፣ አላለቀሰችም። ያን ቀን «ችኮ» አሏት፤ ስሙ ይኸው እስከ ዛሬ አለቀቃትም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይረሳ ነበር። ያንገበገባት ወሬው እያደር መዞሩ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አክስቷ ሲያወሩ «ወንድ መስሎኝ» ይሉ ነበር። ቆይቶ «ወንድ መስሎን» ሆነ። ከዚያ «ወንድ ነው ተብሎ» መጣ፤ ማን እንዳለ አይታወቅም። አሁን ደግሞ ጭራሹን ያለችው እሷ ሆና አረፈችው። ለእናቷ ስትነግራት፣ እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ ታላቄ ናት፣ ምን ልበላት፣ ደግሞ ለአንዲት ዶሮ ይህን ሁሉ ዓመት ማኩረፍ ምን የሚሉት ነው ትላለች። እናቷ ሰላም ትወዳለች። ሰላም የሚወድ ሰው ደግሞ ስፌቱን ይሰፋል እንጂ ቀና አይልም።

ምግብ አብሳይዋ ሳቋን ጨርሳ ወደ ጉዳይዋ ገባች። ቅዳሜ ጠዋት መጥታ ወንዶቹን ትወስዳለች፤ ለምትሠራበት ምግብ ቤት። እግረ መንገዷን ስለራሷ ዶሮዎችም አማረረች። ቤቷ ከከተማው ዳር ነው፣ ሰፊ ግቢ አላት፣ ነገር ግን አውራ ዶሮዋን ውሻ ወስዶባት ሴቶቹ የሚታቀፉት እንቁላል ሁሉ ውሃ ሆኖ ቀረ። «ባል የሌለበት ቤት» አለች፣ «ቁጭ ብሎ መታቀፍ ብቻ።» አክስቷ ሳቁ። ችኮ ሰማችና ረሳችው። ወይም የረሳችው መሰላት።

ወንዶቹ መውጣት ያለባቸው በአከራዩ ምክንያት ነው። አከራዩ የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ቀን ነው የሚተኛው። አንድ አውራ ዶሮ እችላለሁ፣ ሁለተኛው ድምፁን ያሰማ ቀን ግን ዶሮዎቹን በሙሉ ከነቤታቸው አስወጣለሁ ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ያ የተፈቀደው አንዱ ደግሞ ሊቀመንበር ነው። ሊቀመንበር የውጭ ዝርያ ነው፤ ደረቱን ነፍቶ፣ ትልቅ ኩክኒውን በአንድ ዓይኑ ላይ ጥሎ ግቢውን ሲዞር ስብሰባ የሚጠራ ይመስላል። ሚስቶቹ ግን ከየትም የተለቃቀሙ ናቸው፦ አንገተ ራቁት አለች፣ ጉትያ ያላት አለች፣ አጭሯ አለች፣ ዝንጉርጉሯ አለች። ልጆቻቸው ታዲያ አንዱ ሌላውን አይመስልም። አንድ ቆጥ ላይ ተደርድረው ሲታዩ ከተለያየ ሰፈር መጥተው ባቡር የሚጠብቁ ሰዎች ነው የሚመስሉት።

አክስቷ ወንድና ሴት የሚለዩበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። ኩክኒው የቀላ፣ እግሩ የወፈረ ወንድ ነው፤ አለቀ። ወንድ ያሉትን ከእህታቸው ስፌት መኪና ላይ ቀይ ክር ቆርጠው እግሩ ላይ ያስሩበታል። ቀይ ክር የታሰረበት ዶሮ ለድስት ነው፤ በዚህ ቤት ክር ከታሰረ በኋላ ክርክር የለም። ዶሮዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት በነበሩበት ዘመን መንገዳቸው ይሠራ ነበር። ዘር ከተደባለቀ በኋላ ግን ሴቶቹም ገና በልጅነታቸው ይቀላሉ። የሻሽም አባት የውጭ ነበር። ይህን አክስቷ ልብ አላሉትም፤ ወይም ልብ ሊሉት አልፈለጉም።

ችኮ ግን ልብ ብላለች። ከሻሽ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባልዲ ገልብጣ፣ ቁጭ ብላ ዶሮ ታያለች። ማንም አላስተማራትም፤ እልህ ነው ያስተማራት። ፊት ይዋሻል፤ እውነቱ ያለው ከኋላ ነው። ጀርባቸው ከጭራቸው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የሴቷ ላባ እንደ ጥፍር ጫፉ ክብ ነው። የወንዱ ግን ቀጭን፣ ሹል፣ እንደ ሣር ቅጠል የሚያብለጨልጭ ሆኖ ይወጣል። አንገታቸው ላይም እንደዚያው። ይህ የሚታየው ታግሶ ለጠበቀ ሰው ነው፤ ጫጩቱ ገና በሁለት ወሩ ቸኩሎ ለሚፈርድ ሰው አይታይም።

ያን ዕለት ምግብ አብሳይዋ እንደሄደች አክስቷ ክራቸውን ይዘው ተቀመጡ። ችኮ እየያዘች አቀበለቻቸው። አንዱን አሰሩ፣ ልክ ነበሩ። ሌላውን አሰሩ፣ አሁንም ልክ ነበሩ። ከዚያ ቦክሰኛዋ ደረሰች። ቦክሰኛ ትልቅ ቀይ ኩክኒ ያላት፣ እግሯ እንደ ወንበር እግር የወፈረ፣ የደረሰችበትን ሁሉ የምትነክስ ናት። አክስቷ አንዴ አዩዋትና «ይሄማ ገና ከእንቁላሉ ሲወጣ ወንድ ነበር» ብለው ክሩን ጠበቅ አድርገው አሰሩባት። ችኮ ጀርባዋን ያዘች። የጣቷ ጫፍ ላይ የተሰማት ክብ ላባ ነው። ክብ፣ ለስላሳ፣ እንደ ጥፍር።

አፏን ከፈተች። ከዚያ የወሬው መሐረብ ትዝ አላትና ዘጋችው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ለጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኛዋ በክፍላቸው ውስጥ «መነጽሯ» የምትባለው ናት፤ ሰው ሲበደል ከተበዳዩ በላይ የምትናደድ ዓይነት ልጅ።

«ፋራ አትሁኚ፣ ዝም በይ» አለች መነጽሯ። «ሴትዮዋ ወስዳ ስትከፍታት ታየው የለ? ዶሮ ስትበልት የምትውል ሰው ሴት ከወንድ አትለይም? ተመልሳ መጥታ ለአክስትሽ ትነግራታለች። ከዚያ በኋላ ወሬውን ማን ላይ ታዞረዋለች? ሼሙን ትከናነበዋለች።»

«ቦክሰኛስ?»

«ቦክሰኛ ደግሞ ምን አላት? ትነክስሻለች አላልሽም?»

ችኮ ሳቀች። ሐሳቡ እስከ ቤት ድረስ እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ዞረ። አክስቷ ተሳስተው፣ ሰው ፊት ተሳስተው፣ የሚያሳብቡበት አጥተው። ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፤ ዝም ማለት ብቻ። ዝም ማለት ደግሞ ስሟን ያገኘችበት ሙያ ነው።

ግቢ ስትገባ ሚጢጢ የዶሮ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ሚጢጢ የአክስቷ የልጅ ልጅ ናት፤ እናቷ ሌላ ከተማ ስለምትሠራ እዚሁ ነው የምታድገው፤ ዘንድሮ ነው ትምህርት የጀመረችው። ጭኗ ላይ ጥጥ ተኝቷል። ጥጥ ነጭ፣ ዝምተኛ፣ ኩክኒው ገና የገረጣ፣ ሰው ሲያቅፈው ዓይኑን የሚጨፍን ዶሮ ነው። አክስቷ ትናንት አንዴ አይተው «ይቺ የተባረከች ሴት ናት» ብለው አልፈውት ነበር። ሚጢጢ በቀሚሷ ጫፍ አፉን ትጠርግለታለች።

«ስታድግ እንቁላል ትጥልልኛለች» አለች ሚጢጢ። «የመጀመሪያውን ለአንቺ ነው የምሰጥሽ። ተልጦ።»

ችኮ አጠገቧ ተቀመጠች። ጥጥ ክንፉን ዘረጋና ተንጠራራ፤ ፀሐይ ጀርባው ላይ አረፈች። ጭራው ሥር፣ ከነጩ መሐል፣ ቀጫጭን ሹል ላባዎች ብቅ ብለዋል። ገና አዲስ ናቸው። አብለጨለጩ።

ጣቷን ሰዳ ዳሰሰቻቸው፤ ሣር። ሌላ ቦታ ዳሰሰች፤ ሣር።

አሁን ነገሩ ሁሉ ተጠላለፈ። ስለ ቦክሰኛ ከተናገረች ስለ ላባው መናገር አለባት፤ ስለ ላባው ከተናገረች አክስቷ ሁሉንም አንድ በአንድ ይገለብጣሉ፤ ቀዩ ክር ከቦክሰኛ እግር ተፈቶ ጥጥ እግር ላይ ይታሰራል። ዝም ካለች ደግሞ ቦክሰኛ ትሄዳለች፣ ጥጥም አንድ ቀን ጠዋት አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይጮሃል፣ አከራዩም ቃሉን አይበላም። ሁሉም ይወጣሉ። ጥጥም አብሮ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሚጢጢ ያን ጊዜ ሳታስበው፣ ማንም ሳይነግራት ነው የምታየው። ልክ እንደዚያ ሰሃን፣ ድንገት ፊቷ ይቀመጥላታል።

ችኮ የሚጢጢን ፀጉር ከፊቷ ላይ መለሰችላት።

ቅዳሜ ጠዋት ምግብ አብሳይዋ ሁለት ትልልቅ ቅርጫት ይዛ መጣች። እናቷ መስኮቱ ሥር መኪናዋን ታንቀጠቅጣለች። ሚጢጢ ጥጥን እንዳቀፈች ደፉ ላይ ናት፤ ወንዶቹ ሲሄዱ ልታያቸው። አክስቷ ክር የታሰረባቸውን አንድ በአንድ እየያዙ ቅርጫቱ ውስጥ አስገቡ። ቦክሰኛዋ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ነከሰቻቸው።

«አክስቴ» አለች ችኮ። «እሷ ሴት ናት።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ያኔ በሰባት ዓመቷ ያለችው ራሱ እንደሆነ ተሰማት። አክስቷ ወደ ምግብ አብሳይዋ ዞረው ዓይናቸውን ጠቀሱ።

«አየሽልኝ? ደግሞ ጀመራት። ያን ጊዜም እኮ እንዲሁ...»

«ያን ጊዜ ሻሽን ወንድ ያሏት እርስዎ ነዎት።»

አልጮኸችም። እንዲያውም ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። ነገር ግን የስፌት መኪናው ቆመ፤ እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«እኔ ሴት ናት ነው ያልኩት» አለች ችኮ። «አንቺ ከእኔ ልታውቂ ነው አሉኝ። ከዚያ እንቁላሏን ቀቅለው ሰጡኝ።»

«ለአንዲት ዶሮ...» አሉ አክስቷ፣ ግን አልጨረሱትም።

«ለዶሮዋ አይደለም። ዶሮዋማ አንዴ ተበላች፣ አለቀ። ወሬው ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር እኔኑ ይበላኛል።»

ምግብ አብሳይዋ ቅርጫቷን አስተካከለች፤ ምንም የሚስተካከል ነገር አልነበረውም። አክስቷ ቦክሰኛን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ችኮ ቀረብ አለችና የቦክሰኛን የጀርባ ላባ በጣቷ ገለጥ አደረገችላቸው። ከዚያ ከቅርጫቱ አንዱን ወንድ አውጥታ የእሱን ጀርባ አጠገቡ አደረገች። ክቡና ሹሉ ጎን ለጎን ሆኑ። አክስቷ መጀመሪያ በዓይናቸው፣ ቀጥሎ በአውራ ጣታቸው አዩት። የአንዱን ዳሰሱ፣ የሌላውን ዳሰሱ፣ ተመለሱና የመጀመሪያውን ደግመው ዳሰሱ።

ሲናገሩ የተናገሩት ለላባው ይመስል ነበር።

«ያን ቀን እንግዶች እየመጡብኝ ነበር። በእጄ ሌላ የሚታረድ አልነበረም። ወንድ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው ያየሁት። የሰው ዓይን ደግሞ የፈለገውን ነው የሚያየው።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው የቦክሰኛን ቀይ ክር በጥርሳቸው በጠሱት። ቦክሰኛ ምስጋና አታውቅም፤ ሌላውን እጃቸውን ነክሳ ሮጠች። እናቷ ከመስኮቱ ሥር ሳቀች፤ ቶሎ ደግሞ አፏን ያዘች። አክስቷም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። የተበጠሰውን ክር በጣታቸው እየጠቀለሉ ችኮን አዩዋት፤ እንደ ልጅ ሳይሆን፣ ሰው ጎረቤቱን እንደሚያይ።

«በይ እንግዲህ» አሉ። «ሌላስ የሳትኩት አለ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠብቃዋለች። አሁን ሲመጣ ግን ወደ ደፉ ዞር አለች። ደፉ ላይ ሚጢጢ የጥጥን ጭንቅላት በአገጯ ስር አድርጋ ታንጎራጉራለች። የለም ብትል የለም ነው፤ ማንም አይጠራጠርም። ዛሬ የእሷ ቃል የተሰማበት ቀን ነው።

«ትንሽ ይታገሱኝ» አለች አክስቷን።

ሄዳ ሚጢጢ አጠገብ ተንበረከከች። ጥጥን ከጭኗ ላይ አልወሰደችም። የሚጢጢን ትንሽ እጅ ያዘችና ጣቷን በቀስታ ጥጥ ጀርባ ላይ አሳረፈችው።

«ዳሰሺው። ምን ይመስላል?»

ሚጢጢ ዳሰሰች። «ይወጋል» አለች።

ችኮ ከዶሮ ቤቱ ወለል ላይ አንድ የወደቀ የሴት ላባ አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። «ይሄስ?»

«ይሄ አይወጋም።» ሚጢጢ ላባውን አየች፣ ጥጥን አየች፣ ደግሞ ወደ ቅርጫቶቹ አየች። ልጅ ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እንቁላል አይጥልም?»

«አይጥልም። ይጮሃል። ለማንም ከመናገሬ በፊት ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ሚጢጢ አለቀሰች። ችኮ አይዞሽ አላለቻትም፣ ዝም በይም አላለቻትም፤ እስክትጨርስ አብራት ተቀመጠች። ከጀርባዋ አክስቷ ቀይ ክሩን እንደያዙ ሲጠጉ የጫማቸውን ድምፅ ሰማች። ያኔ ነው የረሳችው የመሰላት ነገር የመጣላት። ወደ ምግብ አብሳይዋ ዞረች።

«እትዬ፣ ውሻ የወሰደብዎት አውራ ዶሮ ተተካ?»

«ከየት ተተክቶ» አለች ምግብ አብሳይዋ። አንዴ ችኮን፣ አንዴ ደፉ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ልጅ አየች። ነገሩ ገባት። «ሴቶቹ ይኸው እንደተቆጡ ናቸው» አለች፣ ድምፅዋን አለስልሳ። «እንዲህ ያለ ነጭ፣ ጨዋ ባል ቢያገኙ ግቢው ይሞላ ነበር። እኔ ደግሞ ቃል ከገባሁ ቢላ አላነሳበትም።»

ሚጢጢ እንባዋን በጥጥ ላባ ጠረገች። «መጥቼ አየዋለሁ?»

«ጩኸቱ ራሱ ይጠራሻል።»

አክስቷ ክሩን ለማሰር ጎንበስ አሉ። ችኮ እጃቸውን ቀስ ብላ ያዘችው። «ቀዩን አይደለም፣ አክስቴ። ቀዩ ለድስት ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ቢደባለቅስ?»

አክስቷ ቀና ብለው አዩዋት። ለመከራከር ከንፈራቸውን አሰናዱ፤ ከዚያ ቀዩን ክር አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ መሐረባቸው ወዳለበት ኪስ።

ችኮ ወደ መስኮቱ ሄደች። እናቷ ሳትጠየቅ ከነጩ ክር ጥቅል ላይ ዘለግ አድርጋ ቆርጣ ሰጠቻት። ሚጢጢ ጥጥን ያዘችላት። ችኮ ነጩን ክር እግሩ ላይ ሁለት ጊዜ ዞር አድርጋ ቋጠረችው፤ ቋጠሮውን ከማጥበቋ በፊት ግን ትንሿን ጣቷን በክሩና በእግሩ መሐል አስገባች። ገና ያድጋል፤ ቦታ ያስፈልገዋል። ጣቷን አወጣችና እንደዚያው ላላ አድርጋ ተወችው።